የጉላት መስክ ነጭ ማር

በአንድ ወቅት፣ ጉላት በሚባል አገር፣ ደምለው የሚሉት ንብ አርቢ ነበር። ደጁ ላይ ባለው ሰፊ መስክ ማገጥ፣ ቶስኝና አደይ አበባ ከሣሩ ጋር ተደባልቀው ይበቅሉ ነበር፤ የንቦቹም ማር ነጭ ነበር። ታዲያ ሰው ጥጋብ አይችልምና፣ ደምለው አንድ ክረምት «ለበሬ የሚሆነው ሣር ነው፤ አበባ ምን ይሠራል?» ብሎ አበባውን ሁሉ እንደ አረም ነቀለው። ሚስቱ ውድነሽ «ተው አንተ ሰው፣ ይኼ የንቦቹ ቀለብ ነው» ብትለው ሳቀባት።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሣሩ ጉልበት ደረሰ፤ ጎረቤት አደነቀ። በሁለተኛው ንቦቹ ቀፏቸውን ጥለው ሄዱ፤ አፈር የሚያደልበውን ማገጥ ያጣው መሬት ከስቶ ሣሩም ቢጫ ሆነ። በሦስተኛው ውድነሽ ታመመችና «ከዚያ ከነጩ ማር ባገኝ» አለች። ሳትቀምስ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ደምለው ጧት ወጥቶ ባዶ መስኩን ሲያይ ይውል ነበር። የንብ ድምፅ ናፈቀው፤ ከንቡ ይልቅ ግን እሷ ናፈቀችው።

ሦስት ልጆቹን ሰብስቦ በእናታቸው መቃብር ማለ። «ከዚህ መስክ ማር ያቀመሰኝ መስኩን ይውረስ። ለሦስት አይቆረስም፤ ከተቆረሰ ማረሻ ይገባበታል።»

ታላቁ ሽታሁን መስኩን በእሾህ አጠረ። የገዛ በሬዎቹን አስወጥቶ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከወንዝ ማዶ ድርቆሽ እየተሸከመ አበላቸው። ሰው «የበሬ አሽከር» እያለ ተሳለቀበት፤ ሚስቱም አኩርፋ እናቷ ቤት ገባች፣ አልተመለሰችም። መሬቱ ግን ዐረፈ።

መካከለኛዋ እናኑ ደግሞ አበባ ያልተነቀለበት ቦታ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ብቻ መሆኑን አስታወሰች። ቄሱን አስፈቅዳ፣ ተንበርክካ፣ ዘሩን በየዓይነቱ ለቅማ በቀሚሷ ጫፍ ቋጥራ አመጣችና ዘራች። የታጨችለትን ሰው «አበባዬን ሳላይ አልሄድም» ብትለው ሌላ አገባ። መስኩ አበበ። ነገር ግን የሚጎበኘው ንብ የለምና፣ አበባው ፍሬ ሳይዝ ይረግፍ ጀመር።

ይህን ያየው ታናሹ ልየው ቀፎ አጥኖ ቆላ ወረደ። ዛፍ ላይ ሰቅሎት ንብ እስኪገባለት ከሥሩ ሰነበተ። ቀፎውን ተሸክሞ ዳገቱን ሲወጣ ክዳኑ ተከፈተና ንቦቹ ነደፉት፤ አልጣለውም። አበባው ሳያልቅ ደረሰ። አንድ ዓይኑ ግን ከዚያ ወዲህ አያይም።

በኅዳር ነጭ ማር ተቆረጠ። ደምለው ቀመሰና እንደ ሕፃን አለቀሰ። «ውድነሽዬ፣ ዘገየሁብሽ» አለ።

«እኔ ባላጥር ከብት ይጨርሰው ነበር፣ አባዬ» አለ ሽታሁን።

«አጥርህ ውስጥ ምን ነበረ? ቢጫ ሣር!» አለች እናኑ።

«አበባሽ ሲረግፍስ ማን ደረሰለት?» አለ ልየው።

«ንብህን ባዶ መስክ ላይ ብታወርደው ስንት ቀን ያድርልህ ነበር?» አለችው።

የአገሩ ሽማግሌዎች «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለው ሊያስታርቁ ሞከሩ። ደምለው ግን መሐላውን አስታወሳቸው፤ በመቃብር የተማለ አይፈርስም።

አሁን ሦስቱም ፊቱ ቆመዋል፦ ትዳሩ የፈረሰበት፣ ትዳር ያመለጣት፣ ዓይኑ የጠፋው። አንዱን በስሙ ሲጠራ ሁለቱ ባዶ እጃቸውን ይሄዳሉ። ውድነሽ ብትኖር በአንድ ቃል ትፈርደው ነበር፤ እሷ የለችም። እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ መስኩ የሚገባው ለማን ነው?