የግራዝማች ጉልላት መሐላ

ግራዝማች ጉልላት በየሠርጉና በየተዝካሩ እየተነሡ የሚፎክሩ ግዙፍ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ከገበያ ሲመለሱ ፊቱን የሸፈነ ሰው ወንዝ ዳር አድብቶ ጠበቃቸውና ጠመንጃቸውን ነጥቆ ጫካ ገባ። በማግስቱ ግራዝማቹ የመንደሩን ሸማኔ አስያዙ። ሸማኔው ቁመቱ ከደረታቸው የማያልፍ፣ ነፋስ የሚጥለው ሰው ነው። ጥፋቱም ሌላ ሳይሆን፣ በቀደም ዕለት "ጋቢ በነፃ አልሠራም" ብሏቸው ነበር።

ዳኛው በአደባባይ፣ "ፊቱ ተሸፍኖ ከነበረ በምን ለዩት?" ብለው ጠየቁ።

"በዓይኑ ለየሁት። እኔ ከማልኩ ደግሞ ምን ጥርጣሬ ይቀራል?" አሉ ግራዝማቹ።

ዳኛው የግራዝማቹን ቁጣ ይፈሩ ስለነበር፣ "እንግዲያው ይማሉና ይታሰር" አሉ። የሸማኔው ሚስት ማልቀስ ጀመረች።

ሸማኔው ግን ለዳኛው እጅ ነሥቶ እንዲህ አለ፦ "ጌታዬ፣ ይማሉ፤ አልከለክልም። ብቻ ሕዝቡ እንዲሰማ ጮክ ብለው፣ 'እኔን ጉልላትን ጠመንጃ የቀማኝ ይህ ሸማኔ ነው፤ ያውም ብቻውን' ይበሉልኝ። እኔ እስሬን ጨርሼ ስወጣ አገር ምድሩ ይፈራኛል። እሳቸውን ግን ከዛሬ ወዲያ ማን ይፈራቸዋል?"

ግራዝማቹ ሕዝቡን አዩ፤ ሸማኔውንም ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ "መምሰሉን ይመስላል እንጂ እሱ አይደለም። የቀማኝማ ዋርካ የሚያክል ወጠምሻ ነበር" አሉ።