አንድ ሺህ ስምንት ችግኝና ምርቃቷ

ልጄ፣ አንድ ስስታም ሀብታም ነበረ። «ከእኩዮቼ ሰልፍ አልገጥም አልኩ፤ ምን ጎድሎብኝ ነው?» ላልሽው መልሱ እሱ ዘንድ ነውና ሳታቋርጪ ስሚኝ።

ይህ ሀብታም ከአንዲት ችግኝ ሻጭ አንድ ሺህ ስምንት የማንጎ ችግኝ ገዛ። ሴትዮዋም እንደ ወጉ አንድ ችግኝ ምርቃት ጨምራ፣ ቤትህ ይሙላ ብላ ሸኘችው። ሰውየው ሰው ባይፈራም ምርቃት መጣል ይፈራ ነበር። ስለዚህ ተካይ ቀጥሮ አዘዘው፤ ችግኙ በእኩል ረድፍ ይቆማል፣ አንድም አይተርፍም፣ አንድም አይጣልም። ይህን ቢያደርግ የጎጆ መሥሪያ ቦታ ሊሰጠው፣ ባያደርግ ሊያባርረው። ተካዩ እርጉዝ ሚስቱን ይዞ በሰው ጓሮ ተጠግቶ ይኖር ነበርና ያቺ ቦታ እንቅልፍ ነሳችው።

አውድማ ላይ አንድ ሺህ ዘጠኝ ባቄላ ዘርግቶ ይደረድር ጀመር። ሁለት ረድፍ አደረገው፤ አንድ ተረፈች። ሦስት አደረገው፤ አንድ። ሰባት ቢያደርገውም ያችው አንድ። በአሥራ አንድ ጭራሽ ስምንት ተረፉ። አንዷን ችግኝ ለፍየል ጥሎ ሊገላገል አሰበ። ግን ችግኙ ሁሉ ተደባልቋል፤ ምርቃቷ የትኛዋ እንደሆነች ማን ይለያት? ጎረቤቱ ሁሉ፣ ባቄላው ሳይቀቀል ሊበቅል ነው እያለ ይሳለቅበት ገባ።

ሠላሳ ሁለት ረድፍ ሲደርስ ቆመ። እንደ እኔው ትምህርት ባይዘልቀውም ቂል አልነበረም። ረድፉ ከዚያ ከበዛ በየረድፉ የሚቆመው ከሠላሳ ሁለት ያንሳል፤ ያ ደግሞ በጎን ዞሮ ላየው ቀድሞ የሞከረው ድርድር ነው። ይህ ቁጥር ከእንግዲህ ቢለፉበትም እኩል አይካፈልም። ይህ ሲገባው ደስ አለው እንጂ አልከፋውም። ባቄላውን ለሚስቱ ንፍሮ ቀቀለና ዶማውን አነሣ።

የሀብታሙን ማሳ ትቶ መንገድ ወጣ። ሳምንት ሙሉ፣ ከሀብታሙ በር እስከ ገበያው ድረስ፣ በየአምስት እርምጃው አንድ አንድ እያለ ሁሉንም ተከላቸው። ሀብታሙ ባዶ ማሳውን አይቶ እየተቆጣ መጣ፤ ረድፉ የታለ አለው።

«ጌታዬ፣ ረድፉ አንድ ነው። ከማን ጋር ተለክቶ ይበላለጣል? የተረፈም የተጣለም የለም።»

ሀብታሙ ሊቆጣ አፉን ቢከፍት ሳቁ አመለጠው። ቦታዋንም ሰጠ። ዛሬ ገበያተኛው በዚያ ጥላ ሥር ማንጎ እየመጠጠ ሲያልፍ፣ ያን ስስታም እንዴት ያለ ደግ ሰው ነበር ይለዋል።

ይኸውልሽ ልጄ። አንድ ሺህ ስምንት ባሰለፉት ይሰለፋል፤ እሺ ባይ ነው። አንቺ አንድ ሺህ ዘጠኝ ነሽ። ጎደለብኝ ያልሽው፣ ሲፈጥርሽ የጨመረልሽ ምርቃት ነው። ሠላሳ ሁለት ድረስ ሞክረሻል፤ ይበቃሻል። አሁን ማሳውን ተዪና መንገድሽን ያዢ።