የመንበሩን ልጅ ክርስትና ማን ያንሳው?

በአንድ ወቅት፣ ያውም ቅርብ ጊዜ ነው፣ በአንድ የጡብ ፋብሪካ በላቸው የሚባል ፎርማን፣ እንዳላማውና ጌጡ የሚባሉ እሳት ማጋጆች ነበሩ። ምድጃው ሁለት አፍ አለው፤ ለአንድ አፍ አንድ ሰው። አንዴ ከተለኮሰ ሦስት ቀን እሳቱ አይወርድም፤ ከወረደ ጡቡ ሁሉ ይሰነጠቃል።

ባልደረባቸው መንበሩ ሰው ደብድቧል ተብሎ ታሰረ። ውሸት ነው! በዚያ ሰዓት ከእንዳላማው ጋር ሁለቱ ብቻ ጭቃ ሲያቦኩ ነበር። ለእንዳላማው ሁለት ጊዜ የምስክር መጥሪያ መጣ። በላቸው ሁለቴም "እሳት ጥለህ የት ልትሄድ?" አለው። እንዳላማውም ለእንጀራው ፈርቶ ቀረ። ዳኛው "በሦስተኛው ካልቀረበ ያለ እሱ እፈርዳለሁ" አሉ። የመንበሩ ሚስት ምትኬ እስር ቤት ስትመላለስ ወንድ ልጅ ተገላገለች።

በቀጠሮው ጠዋት ምድጃው ይነዳል። ችሎቱ ሊጀምር አንድ ሰዓት ቀርቶታል።

"ጋሼ በላቸው፣ ዛሬስ ቢከለክሉኝም እሄዳለሁ" አለ እንዳላማው።

በላቸው ለፋብሪካው ባለቤት ደወለ። "ጌታዬ፣ ሕጉ ለምስክር ፈቃድ ስጡ ይላል።"

"ሕጉ መጥቶ ይማግድልኛል? ከለቀቅከው አንተም ውጣ!"

በላቸው የስድስት ልጆች አባት ነው። ቢሆንም ፈቃዱን ፈረመ፤ በማግስቱም ተባረረ።

ጌጡ ከመንበሩ ጋር ከተኮራረፉ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሰላምታ እንኳ የላቸውም። ቢሆንም "ሂድ፣ ሁለቱንም እይዛለሁ" ብሎ እንዳላማውን ሸኘው። ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ሲሮጥ ነበልባል ወጥቶ ቀኝ እጁን ጠበሰው። እሳቱ ግን እንዲወርድ አላደረገም።

እንዳላማውን የከሳሹ ወንድሞች ችሎቱ በር ላይ ጠበቁት። "ተናገርና እንተያያለን" አሉት። ገብቶ ያየውን አንድ ሳያስቀር ተናገረ፤ መንበሩም ነጻ ወጣ። እንዳላማው ግን እስከ ዛሬ መንገድ እየቀያየረ ነው ቤቱ የሚገባው።

ነገ ሕፃኑ አርባ ቀኑ ነው። ባልና ሚስት ከጠዋት ጀምሮ ይጨቃጨቃሉ።

"እንዳላማው ያንሳው" አለ መንበሩ።

"ሁለቴ የቀረው እሱ አይደለም እንዴ? እኔ በእርግዝናዬ ስንቅ ተሸክሜ ስንከራተት የት ነበር? ጋሼ በላቸው ይሁኑ።"

"እሱን የከለከለውስ ማን ሆነና?"

"እንግዲያው ጌጡ!"

"ጌጡ ለጓደኛው ብሎ ነው እንጂ ለእኔ መቼ አሰበና?"

"ለማንም ያስብ፤ የተቃጠለው እጁ ነው!" ብላ አለቀሰች።

ክርስትና አባት ደግሞ አንድ ነው፤ ዕድሜ ልክ አባት ነው። እስቲ ፍረዱ፤ ልጁ የማን ይሁን?