ሹም ማስቀመጫ

በሰኞ ገበያ ከተማ ከወንዙ ወደ ገበያው የሚወጣው ዳገት ሹም ማስቀመጫ ይባላል። የከተማው ሰው የመንገድ ጥገና ግብሩን የሚከፍለው በማዘጋጃ ቤት መስኮት አይደለም፤ ክረምት ሊገባ ሲል ገቢ ሰብሳቢው ጠረጴዛውን አሸክሞ ይወጣና በዚያ ዓመት ከሁሉ የከፋው ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጦ ደረሰኙን እዚያው ይቆርጣል። ይህን ያየ እንግዳ ይስቃል። ሽማግሌዎቹ ግን የነገሩ መነሻ ቸኮል የሚባል ጭቃ ሹም ነው ይላሉ።

ጭቃ ሹም ቸኮል፣ እንደሚነገረው፣ ስምን መልአክ ያወጣዋል የተባለለት ሰው ነበር። የመንደሩን ግብር ሰብስቦ ለገዥው ማስረከብ፣ የድንበር ክርክር ማየት፣ አዋጅ ማሰማት ሥራው ሆኖ ሳለ አንዱን ሳይጨርስ ወደ ሌላው ይበርራል፤ እህል እንኳ የሚቀምሰው ቆሞ ነው። ደግሞም ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል በሚባልበት አገር ከግብሩ አንዲት ቁና ለራሱ አስቀርቶ ስለማያውቅ ሞኝ ይሉት ነበር።

አንድ ዓመት የግንቦት ዝናብ በርትቶ ዳገቱን ማጥ አደረገው። የጨው ነጋዴዎቹ አለቃ አሊጋዝ ሁለት በቅሎዎች ከነጭነታቸው ሰጥመው ሞቱበትና፣ እስከሚመጣው ሰኞ መንገዱ ካልተበጀ ሲራራውን ይዞ ከወንዝ ማዶ ወዳለው የሐሙስ ገበያ እንደሚዞር ለቸኮል ነግሮት ሄደ። ጨው ከዞረ ቅቤውም በርበሬውም ተከትሎት ይዞራል፤ ገበያ የሌለው ሰኞ ገበያ ደግሞ ስሙ ብቻ ነው የሚቀረው። ቸኮል ይህን ስላወቀ ፈራ፤ እንቅልፍም አጣ።

ከቤት ቤት ሮጠ። የላይ ሰፈሮች መንገዱን የሚያበላሸው የነጋዴ በቅሎ ነውና ነጋዴ ያብጀው አሉት። የታች ሰፈሮች ጎርፉ የሚወርደው ከላይ ሰፈር ግቢ ነው ብለው ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ። ሸማኔው ቀኑን ሙሉ ከሽመና ጉድጓዱ የማይወጣ ሰው መንገድ ምን ያደርግለታል ብሎ መወርወሪያውን ወረወረ። የላይ ሰፈሩ ባለጸጋ ባላምባራስ ደምለው ደግሞ፣ ለገዥው የገበሩት እንደሚበቃ ተናግረው፣ እሱ ቆሞ ሲለምናቸው ከበቅሏቸው ሳይወርዱ አለፉት።

ሚስቱ አንጓች ከደጅ ቤት፣ ከቤት ደጅ ሲመላለስ አይታ መረራት።

«አንተ ሰው፣ ሮጠህ የሞላኸው ጉድጓድ አለ? ጭቃ ሹም አይደለህ? ሂድና ሹመትህ ላይ ተቀመጥ» አለችው።

ክብርህን ጠብቀህ አርፈህ ተቀመጥ ማለቷ ነበር። እሱ ግን ቃሉን እንደ ወረደ ወሰደው፤ በርጩማውን አንስቶ ወጣና ማጡ መሐል አስቀምጦ ጉብ አለበት።

ሰው መጀመሪያ ሳቀ፤ አበደ ያለም አልታጣም። ነገር ግን በዚያ አገር ሹም ተቀምጦ ሳለ በበቅሎ ላይ ሆኖ ማለፍ ነውር ነው፤ ወርዶ፣ ቀርቦ፣ እጅ ነስቶ ነው የሚታለፈው። ቸኮል ተቀምጦ ስለማያውቅ ይህን ሥርዓት ለእሱ ያደረሰ ሰው አልነበረም። ባላምባራስ ግን ሥርዓት አዋቂ ናቸውና ወረዱ፤ ጭቃውም እስከ ጉልበታቸው ዋጣቸው። ዕድሜ ልካቸውን በዚያ ሲያልፉ እግራቸው ነክቶት አያውቅም ነበርና ደነገጡ።

«እስከ መቼ ልትቀመጥ ነው?» አሉት።

«መሬቱ እስኪችለኝ፣ ጌታዬ።»

ይህን ሲመልስ ልነሣ ልነሣ እያለው በርጩማውን ጨብጦ ነበር ይባላል፤ ዓይኑ ከወንዙ ማዶ አይነቀልም። በማግሥቱ ባላምባራስ የሚወርዱበትን ድንጋይ በአሽከር አስቀድመው አስጣሉ። የላይ ሰፈር ሰው እሳቸውን አይቶ የየራሱን መርገጫ አመጣ፤ የታች ሰፈሩም ላለመበለጥ ተሸከመ፤ ሸማኔው እንኳ ጋቢ ሊያደርስ ሲወጣ ባዶ እጁን ማለፍ አፍሮ አንድ ቅርጫት ጠጠር ደፋ። ቸኮል ማንንም አላመሰገነም፤ አንዱ ሲሞላ በርጩማውን ወደ ባሰው ጉድጓድ እየወሰደ እንደገና ይቀመጥ ነበር።

ሰኞ ረፋዱ ላይ አሊጋዝ መጣ። ከወንዙ ዳር ቆሞ ዳገቱን ብዙ አየውና በቅሎዎቹን ነዳ፤ አንዲቱም አልሰጠመችም። ከሹሙ ዘንድ ሲደርስም መንገዱን እኛም እንረግጠዋለን ብሎ አንድ አሞሌ ጨው ከእግሩ ሥር አኖረ። ነዋሪው በየደጁ፣ ነጋዴው በየጭነቱ ለመንገድ መክፈል የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው ይባላል።

አንጓች ደስ ብሏት በርጩማውን ወደ ቤት ልታስገባ ጎንበስ ስትል ቸኮል እጇን ያዛት። ከአዲሶቹ ድንጋዮች ሥር ቀጭን ውሃ ሌላ መውረጃ እየፈለገ ነበር።

«ተዪው» አላት። «ውሃው መች ተቀመጠ?»

ዛሬም የሰኞ ገበያ ሰው ግብር ሊከፍል ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሹሙ ዘንድሮ የት እንደተቀመጠ ነው። ጉድጓዱን ሲነግሩት ይሄዳል። ቢሮው ውስጥ ነው ያሉት እንደሆነ ግን ከነገንዘቡ ወደ ቤቱ ይመለሳል።