የሹፌሩ የኤርጫፎ ምስክርነት

ከሆሳዕና ሶዶ ሚኒባስ የሚነዳ አንድ ሰውዬ ነበር። ተሳፋሪ ጭኖ ይነሳል፣ ገና ሩብ ሰዓት ሳይሄድ መኪናውን ጥግ አስይዞ ይወርድና ይሮጣል። ወዴት? ወደ ቁጥቋጦ! ሆዱ አላስቀምጥ ብሎታል። ይመለሳል፣ ትንሽ ይነዳል፣ ደግሞ ይቆማል።

«ኧረ ሹፌር፣ እኛ እኮ ለቀብር ነው የምንሄደው!» ትላለች አንዷ ከኋላ ወንበር። «በዚህ አያያዝህ ለአርባው ነው የምታደርሰን!»

ሰው ይስቃል። እሱ አይስቅም።

ሌላም ነገር ነበረበት። ቀይ ሰው ነው፤ በድንገት ፊቱና አንገቱ ፍም ይመስላል። አንድ ቀን ትራፊክ አስቆመው።

«እፍ በል እስቲ።»

እፍ አለ። ምንም የለም።

«ታዲያ ይሄ ፊት ምን ጠጥቶ ነው?»

«ኧረ ጌታዬ፣ እኔ አማኝ ነኝ፣ ጠጅ እንኳን ቀምሼ አላውቅም!»

«ሁሉም እንደዛ ነው የሚለኝ።»

ሰውዬው ኤርጫፎ ይባላል። ሁለት ዓመት ሙሉ አሜባ ነው፣ ጨጓራ ነው ሲባል ከረመ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ሄዶ ተመረመረና የበሽታውን ስም ነገሩት፤ ኒውሮኢንዶክራይን ካንሰር። ስሙ ይረዝማል አይደል? እሱም «ዶክተር፣ ይሄ እኮ በስሙ ብቻ ይገድላል!» ነው ያለው።

ዶክተር ናርዶስ ሳቀች። ከዛ ቁጭ አድርጋ አስረዳችው። ሆርሞን ከሚያመነጩ ሴሎች የሚነሳ ካንሰር ነው። ከአንጀቱ ተነስቶ ጉበቱ ላይ ደርሷል። ፊቱን የሚያቀላው፣ ሆዱን የሚያስሮጠው ያ ሆርሞን ነው።

«ጋሼ፣ አልዋሽዎትም» አለችው። «ጨርሰን አናወጣውም። ግን የእርስዎ ዓይነቱ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። በየአራት ሳምንቱ አንድ መርፌ ይወስዳሉ፤ ሆርሞኑን ያበርድልናል፣ እድገቱንም ሊይዝልን ይችላል። መጀመሪያ ሰሞን ሆድዎን ይነፋዎታል፣ ይቆርጥዎታል፣ ድካምም ይኖራል። ምንም ሳይደብቁ ይንገሩን። ከስድስት ወር በኋላ በሲቲ ስካን እናየዋለን።»

እሺ አለ። ግን ወገኖቼ፣ ሰው እሺ ሲል ሁሉንም ሰምቶ ነው እንዴ? የምንፈልገውን እኮ ነው የምንሰማው! ኤርጫፎ «መርፌ» የሚለውን ሰማ፣ «አናወጣውም» የሚለውን አለፈው።

ለመጀመሪያው መርፌ ሲሄድ ሲስተር ፀዳለ መድኃኒቱን ከፍሪጅ አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ሌላ በሽተኛ ጠራች። አስር ደቂቃ። ሃያ ደቂቃ።

«ሲስተር፣ ረሳሽኝ? ከክፍለ ሀገር መጣ ብለሽ ነው?»

«ኧረ በጭራሽ! ቅዝቃዜው ይልቀቀው ብዬ እኮ ነው። መቀመጫዎ ላይ ነው የሚወጋው፤ እንደዚህ ቀዝቅዞ ብወጋዎት ነገ መኪናውን ቆመው ነው የሚነዱት!»

ጠበቀ። ተወጋ። በየአራት ሳምንቱ እየተመላለሰ ስድስት ወር ሞላው።

አሁን ነው ነገሩ። እኛ ቤተ ክርስቲያን እሁድ እሁድ ምስክርነት አለ አይደል? ታሞ የነበረ «ዳንኩ» ይላል፣ ሥራ ያጣ «አገኘሁ» ይላል። ኤርጫፎ ለስካኑ ሊሄድ ሲል የፕሮግራም መሪውን «ስሜን ያዝልኝ፣ ጠፍቷል ሲሉኝ መጥቼ እመሰክራለሁ» አለው። ሰፈሩ ሰማ። ዘመድ ከየቀበሌው ተሰበሰበ።

ዶክተር ናርዶስ ስካኑን ስታይ ፊቷ በራ። «ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ምንም አላደገም! ባለበት ቆሟል!»

እሱ ክው አለ። «ማለት... አለ?»

«አለ።»

«ታዲያ ደስታው የቱ ጋ ነው?»

ቤቱ ሲገባ ሰው ሞልቷል። «ለቀቀህ?» አሉት። «አለ» አላቸው። በቃ! አክስቱ ደረቷን መታች። ሬሳ የገባ ነው የመሰለው ቤቱ። ኤርጫፎም ለፕሮግራም መሪው ደወለና «ስሜን ሰርዘው» አለው። ሚስቱን አየለችን ደግሞ «መርፌውም ይቅር። ስድስት ወር ተወግቼ እዛው ነኝ» አላት።

አያችሁ የቱ ጋ እንደደረሰ? በሽታውን የያዘለትን መድኃኒት ሊያቆም ነው! ለምን? ያልጠፋ ነገር አያስመሰግንም ብሎ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ሊወጣ ሲል አየለች በሩ ላይ ቆመች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። አምና ሶዶ እስክትደርስ ስንቴ ነበር የምትቆመው?»

«በጠዋቱ ምን ነካሽ?»

«ስንቴ?»

«እኔንጃ... አምስቴ፣ ስድስቴ።»

«ባለፈው ሳምንትስ?»

የመኪናውን ቁልፍ ይፈልግ ጀመር።

«ስንቴ ቆምክ አልኩህ እኮ!»

«አረካ ላይ አንዴ። ሰው ለማውረድ።»

«ትራፊኩስ?»

«እሱማ አሁን በእጁ ሰላም ብሎ ነው የሚያሳልፈኝ።»

«እና ይሄን ማን ሰጠህ? ይሄ አይመሰከርም? እንግዲያው እኔ ነኝ የምወጣው። ቁጥቋጦውንም ምኑንም አላስቀርም፣ ሁሉንም ነው የምናገረው!»

«ኧረ በጌታ አየለች!» ብሎ ሳቀ። ከአዲስ አበባ ከተመለሰ ገና መሳቁ ነበር።

እሁድ ኤርጫፎ ራሱ መድረክ ላይ ወጣ። ማይኩን ያዘ።

«ወገኖች፣ ካንሰር አለብኝ። እዚሁ ሆዴ ውስጥ ነው። አልጠፋም። ሐኪሟም ጨርሶ አይወጣም ብላኛለች።»

የፕሮግራም መሪው ማይኩን ሊቀበለው ጠጋ አለ!

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። እሱም አለ፣ እኔም አለሁ። ሚኒባሴን እነዳለሁ፣ ከልጆቼ ጋር እበላለሁ። መርፌውን በተወጋሁ ቀን ያደክመኛል፣ እተኛለሁ፣ በነጋታው እነሳለሁ። ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ፣ እሄዳለሁ። ጌታ ይመስገን!»

መጀመሪያ እልል ያለችው ማን ነች መሰላችሁ? አንዲት እህት፣ ከመዘምራኑ መሃል። እልልታዋን ሳትጨርስ «እኔም አለብኝ!» ብላ ተነሳች። «ስኳር አለብኝ! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መርፌዬን ሽንት ቤት ተደብቄ ነው የምወጋው!»

እናንተስ? እናንተ ምስጋናችሁን ለመቼ ነው ያስቀመጣችሁት? ሁሉ ነገር ሲያልቅ? ሁሉ ሲጠፋ? እግዚአብሔር ፈጽሞ አያድንም እያልኩ አይደለም። ያድናል! ግን ዛሬ በእግራችሁ የቆማችሁት በማን ነው? ዛሬ የበላችሁት ቁርስ የማን ነው? እሱ ምስጋና አይገባውም?

እናንተም ጠያቂዎች፣ በሽተኛ ቤት ስትገቡ «ለቀቀህ?» አትበሉ። «ዛሬ እንዴት ዋልክ?» በሉ፤ የሚመልሰው ነገር አያጣም።

ቀጠሮ ያላችሁ፣ ሂዱ። መድኃኒቱ ከከበዳችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ እንጂ በራሳችሁ አታቁሙ። ያሳፈራችሁ ካለ ደግሞ የሚቀጥለው እሁድ ስማችሁን አስይዙና ኑ። «አለብኝ» ብላችሁ ጀምሩ። ማይኩን ማንም አይቀማችሁም።