የጋን ደፊው «የቤቴን አያህልም»

ከሸንበቆ ውሃ የቅዳሜ ገበያ ተነስቶ ወደ ላይ ለሚወጣ ሰው፣ አቀበቱ ትንፋሽ በሚያሳጥርበት ቦታ ላይ፣ ሰባት ጠላ ቤቶች ተደርድረው ይጠብቁታል። ሰፈሩ ጋን ደፊ ይባላል። ምልክቱ አያሳስትም፤ ከሰፈሩ ራስ ላይ አፉን ወደ ታች የደፋ የጋን ስባሪ አለ፣ ዶሮ ትታቀፍበታለች፤ ከእሱ በታች ደግሞ ወደ ገበያው ያዘመመ አንድ ወይራ አለ። ትምህርት ቤት የገቡት «ነፋስ ነው ያዘመመው» ይላሉ። ነፋስ ከሆነ አጠገቡ ያለው ግራር ምን ተማምኖ ቀጥ ብሎ ቆመ? ወይራው ሰክሮ ነው። እንዴት እንደ ሰከረ ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

የጋን ደፊ ሕግ አንድ ነው። ጠላ የጠጣ ሰው ጣሳውን ከመመለሱ በፊት «የቤቴን አያህልም» ማለት አለበት። ባል ይላል፣ ወንደላጤ ይላል፣ ቄሱም ይላሉ፤ እንዲያውም አንድ ባሕታዊ ዋሻ ውስጥ እየኖሩ «የቤቴን አያህልም» ብለዋል ይባላል። ባለ ጠላዋ አትቆጣም፤ አንዲት አጭር ጥያቄ ትጠይቅና፣ ጥያቄዋን በቦታዋ አመጣታለሁ፣ ሁለተኛውን ትቀዳለች። ያላለ ግን ወዮለት። አንድ ጊዜ ከብት ሊከትብ ከከተማ የመጣ ሰው ጠላውን ጨልጦ፣ ጨዋ ነኝ ብሎ፣ «እናቴ፣ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጠላ ጠጥቼ አላውቅም» አለ። ጠጪው ሁሉ ወደ ባለ ጠላዋ ዞረ፣ ዝንቡም ጭምር። ሴትዮዋ ጣሳውን ከእጁ ቀስ አድርጋ ወሰደችና «ተው የኔ ልጅ፣ የሰው ትዳር አታፍርስ» ብላ በሩን አሳየችው። ሰውየው ምን እንዳጠፋ እስከ ዛሬ አያውቅም። ቢጠይቅ ኖሮ የሚከተለውን እንነግረው ነበር።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት ሰፈሩ ድሮ ጌሾ አፋፍ ይባል ነበር፤ በዚያም አያ ድረስ የሚባል ሰው ይኖር ነበር። ማረሱንም ያርስ ነበር፣ የታወቀው ግን በምላሱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከላይኛው ጠላ ቤት እስከ ታችኛው ሰባቱንም እየገባ ይቀምስና ይፈርድ ነበር። ዋንጫውን ተቀብሎ መጀመሪያ ያሸታል፣ ቀጥሎ ገለባውን እፍ ይላል፣ አንድ ጉንጭ ይይዝና ጣራ ጣራውን ያያል፤ ያን ጊዜ ቤት ሙሉ ሰው አንገቱን ወደ ላይ ያቀናል፣ ፍርዱ ከጣራው የሚወርድ ይመስል። ከዚያ ይውጥና ይናገራል። «አሻሮው አርሯል።» «ጋኑ በደንብ አልታጠነም።» «ጌሾው ቸኩሏል፣ ባለቤቲቱም ቸኩላለች።» ሲከፋም «ጥንስሱ ቂም ይዟል» ይላል፤ ይህን የተባለች ሴት ከማን ጋር እንደ ተጣላች በዚያው ሳምንት ይደረስበታል። ገብሱ ገና ማሳ ላይ ሳለ የትኛዋ ወፍ እንደ በረረችበት ሳይቀር በምላሱ ይለያል የሚሉ አሉ። ይህስ ተጋኗል፤ ወፏን አይለይም፣ ወንድ ትሁን ሴት ግን ሳይለይ አይቀርም።

እሱ ያመሰገነው ቤት፣ ሰው በክዳኑ እስኪወጣ ይሞላል፤ የነቀፈው ቤት ባለቤት የገዛ ጠላዋን ለብቻዋ ስትጠጣ ትከርማለች። ከሰባቱ ሁሉ አብዝቶ የሚያመሰግነው የላይኛዋን፣ የስንዱን ነበር። ስንዱ ባሏ የሞተባት፣ ጥርሷ ፍንጭት፣ ድዷ ንቅሳት፣ ሳቋ ከጠላዋ ቀድሞ የሚያሰክር ሴት ነበረች አሉ።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። አያ ድረስ አንጓች የምትባል ሚስት ነበረችው። አንጓችም ጠላ ትጠምቅ ነበር፣ ለመሸጥ ሳይሆን ለቤት። አያ ድረስ ከእርሻ ሲመለስ የእሷን ጠላ ቆሞ ይጨልጣል፣ ሪዙን በመዳፉ ይጠርጋል፣ «እህ» ይላል፣ አለቀ። አያሸትም፣ እፍ አይልም፣ ጣራ አያይም። አስራ ሁለት ዓመት «እህ»። ቅዳሜ ሲመለስ ግን ራቱ ላይ ተቀምጦ ስለ ስንዱ ጠላ ይተርክላታል፤ አረፋው እንዲህ፣ ሽታው እንዲያ። ባል ስለ ሌላ ሴት ቢያወራ የሚባል ነገር አለ፤ እሱ የሚያወራው ስለ ጠላ ነውና ምን ይባላል? ሰው በጎረቤቱ በሬ ይቀናል፣ በጎረቤቱ ልጅ ይቀናል፤ በጎረቤቷ ጋን የቀናች የመጀመሪያዋ ሴት አንጓች ሳትሆን አትቀርም ይባላል።

አንድ ቅዳሜ አላስቻላትም።

«የኔስ?» አለችው።

«ያንቺ ምን?»

«ጠላዬ ነዋ።»

አያ ድረስ የሚያኝከውን አቆመ። እንዲህ ተጠይቆ አያውቅም። «ያንቺማ የቤት ነው» አላትና ማኘኩን ቀጠለ።

የቤት! ይህች ቃል አንጓች ሆድ ውስጥ ገብታ እንደ ብቅል በቀለች። ውሃ ስትቀዳ የቤት፣ ጌሾ ስትወቅጥ የቤት። በዚያ ሳምንት ከንዴቷ የተነሳ ሊጡ ያለ እርሾ ኩፍ ይልላት ነበር ይባላል።

እግዜር ሲያመቻች፣ ወይም ያኛው፣ በዚያው ሐሙስ የስንዱ ጋን ተሰነጠቀና ጠላዋን መሬት ጠጣው። ሁለቱ ሴቶች ምንጭ ዳር ተገናኙ። ስንዱ እንስራዋን አቁማ ተክዛለች።

«ምነው እቴ፣ ዛሬ ፍንጭትሽን የት ጣልሽው?» አለቻት አንጓች።

«ቅዳሜ ባልሽ ሲመጣ ምን ላቅምሰው? እንባዬን?»

«የኔን አቅምሽው።»

ስንዱ ቀና ብላ አየቻት። «ምን ፈልገሽ ነው?»

«የኔ መሆኑን ሳያውቅ የሚለውን በጆሮዬ መስማት። ሌላ አልፈልግም።»

«አቤት!» ብላ ስንዱ ሳቀች። «ከተቀናስ አይቀር እንዲህ ነው እንጂ!»

አርብ ከሰዓት አያ ድረስ ከብቱን ውሃ ሊያጠጣ ሲወርድ፣ ሁለቱ የአንጓችን ትልቁን ጋን ከነጠላው ወደ ስንዱ ቤት አዛወሩት። ያንን ጋን አራት ጎልማሳ አያነሳውም ነበር፤ ቅናት ግን የበሬ ጉልበት አለው። አያ ድረስ ማታ ሲገባ የጋኑን መጥፋት ልብ አላለም፤ የቤት ነዋ። በማግስቱ አንጓች በጠዋት ሄዳ ከስንዱ ጓዳ፣ ከገዛ ጋኗ ጀርባ ገብታ ተቀመጠች።

አያ ድረስ መጣ። አሸተተ፣ እፍ አለ፣ ጎነጨ፣ ጣራውን አየ። አይቶም አላበቃም። ሰው አንገቱ እስኪደነዝዝ ጠበቀ። ሁለተኛ ጎነጨ። ዓይኑን ጨፈነ። ሪዙን ሊጠርግ የላከው እጅ መንገድ ላይ ቀረ።

«ስንዱ» አለ በመጨረሻ፣ «ለካ እኔ እስከ ዛሬ ጠላ አልጠጣሁም። አተላ ነበር የምጠጣው።»

«ኧረ አያ ድረስ!»

«ዝም በይ! ይቺን እጅ አፈር አይንካት። የዚች እጅ ባል ብሆን ከደጄ አልወጣም ነበር። ቅዳሜ የሚባል ቀን መኖሩንም አላውቅ!»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። አንጓች አስራ ሁለት ዓመት የጠበቀችው ቃል እነሆ ተነገረ፣ ያውም ተትረፍርፎ። ሽማግሌዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ ጺማቸውን ይይዙና «መደሰት ነበረባት» ይላሉ። ዳሩ ግን ሰውየው ያንን ሁሉ የተናገረው ስንዱን እያየ ነው። የአንጓችን እጅ ወስዶ ለስንዱ ሸለማት። አንጓችም በአንጓች ቀናች። በገዛ ጌሾዋ፣ በገዛ ጋኗ፣ በገዛ እጇ ቀናች፤ ከዓለም ቅናት ሁሉ የከፋው ይህ ነው፣ የሚደበደብ ሰው የለውምና።

ስለዚህ ጋኑን ያዘችው። ትከሻዋን አስጠግታ አንዴ ብትገፋው መጋረጃውን ይዞ ወጣ፣ ጠጪው ግራና ቀኝ ዘለለ፣ ጋኑም ደፉን ተሻግሮ ቁልቁለቱን ተያያዘው። ጠላው እንደ ክረምት ጎርፍ ገበያውን አጠበው ይባላል። አህዮች ጠጥተው ጭነታቸውን አውርደው ዘፈን ጀመሩ፤ አንድ በግ ሻጭ በጉን «ወንድሜ» ብሎ አቅፎ አልሸጥም አለ፤ ወይራውም በሥሩ ጠግቦ መጠጠና ያን ቀን እንዳዘመመ ቀረ። ነፋስ ነው የምትሉ፣ ሰምታችኋል። ጋኑ ገና ከአፋፉ ሳይርቅ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ለሁለት ተከፈለ፤ የአፉ በኩል አፋፉ ላይ ተደፍቶ ቀረ።

አያ ድረስ ዋንጫውን እንደ ያዘ ሮጦ ወጣ። መጀመሪያ ያዘነው ለጠላው ነው ይባላል። ስባሪው ዘንድ ሲደርስ ግን ከጋኑ ከንፈር ላይ በሰም የተለሰነ ስንጥቅ አየ። በተጋቡበት ዓመት በገዛ እጁ የለሰነው ነው። ሰሙን አየ፣ ቀና ብሎ ሚስቱን አየ፣ እንደገና ሰሙን አየ።

«ይሄ… የኛ ጋን ነው» አለ።

«የቤት ነው» አለችው አንጓች።

ጌሾ አፋፍ ከዚያ ቀን ወዲህ ጋን ደፊ ተባለ። አያ ድረስም መሳቂያ ሆነ፤ የቤቱን ጠላ የማያውቅ ምላስ የኛን እንዴት ይፈርዳል ተባለና ቀማሽነቱ ቀረ። ይህስ ባልከፋ። አንጓች ነጠላዋን አጣፍታ አባቷ ቤት ገባች። ሽማግሌ ተላከ፣ ተመለሰ፤ እንደገና ተላከ፣ ተመለሰ። በሦስተኛው ወጣችና ተናገረች።

«ካሳ አልፈልግም። በሰባቱም ቤት፣ በአንድ ቅዳሜ አንድ ቤት ይግባ። ይጠጣ። ሰው እየሰማ ‹የቤቴን አያህልም› ይበል። ያን ጊዜ እመለሳለሁ።»

«ልጄ፣ ሴቶቹ ይገድሉታል እኮ» አሏት ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

«እኔን አስራ ሁለት ዓመት ሲገድለኝ ማን መጣ?»

ሽማግሌዎቹ ተነስተው መልእክቷን ለአያ ድረስ አደረሱ። እነሱም ሚስት ነበራቸው።

አያ ድረስ ጀመረ። የመጀመሪያዋ ባለ ጠላ አተላ ደፋችበት፤ ሁለተኛዋ ጋ ውሻ እስከ ገበያው ድረስ ሸኘው። ዋንጫ መልሶ «የቤቴን አያህልም» ሲል ድምፁ እንደ ታመመ ፍየል ነበር አሉ። ግን የሰሙት ወንዶች ነገሩን ቀልድ ብለው ለየሚስቶቻቸው ወሰዱት፤ ሚስቶቹ አልሳቁም። «እንዲህ አለ አያ ድረስ? አንተስ ምን ብለህ መጣህ?» ይህ ጥያቄ ከቤት ቤት እንደ ተስቦ ተዛመተ። ከጥቂት ቅዳሜ በኋላ ይህን ሳይል ዋንጫ የሚመልስ ወንድ ጠፋ። ባለ ጠላዎቹም ቀስ በቀስ ገባቸው፤ ቃሉን የተናገረ ባል ሚስቱ ዱላ ይዛ አትፈልገውም፣ እንዳሻው ተቀምጦ ይጠጣል። መጨረሻ የቀረችው ስንዱ ነበረች። እሷማ ሲላት በሳቅ ፈረሰች፤ «ጎሽ! ምላስህ ገና ዛሬ ተፈታ!» ብላ ሁለተኛውን ሳይጠይቃት ቀዳችለት። የሁለተኛው ጠላ ልማድ ከዚያ የመጣ ነው ይባላል።

ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲገባ አንጓች ተመልሳለች፤ ከጥጉም አዲስ ጋን ቆሟል፣ ጠላውም ደርሷል። ጠላ በአንድ ጀንበር አይደርስም፤ እሱ ገና ሰባቱን ሳይጨርስ እሷ አባቷ ቤት ጠንስሳለታለች ማለት ነው። ይህን ሽማግሌዎች አይናገሩም፣ እኔ ነኝ ያሰላሁት።

ዋንጫውን በሁለት እጁ ተቀበለ። ተቀመጠ። አሸተተ፣ እፍ አለ፣ ጎነጨና ጣራውን አየ፤ የገዛ ቤቱን ጣራ ሲያይ የመጀመሪያው ነው፣ አስራ ሁለት ዓመት የተጠራቀመ ጥላሸት አለበት። ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ከጥላሸቱም ይሁን ከጠላው። አንጓች እጇን አጣምራ ትጠብቃለች። አያ ድረስ ልቡ ሞልቶ አፉን ከፈተ፤ አፉ ግን ሰባት ቅዳሜ የለመደው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«የቤቴን አያህልም።»

አንጓች ዋንጫውን ከእጁ ወሰደች።

«የቱን ቤት?»

ከዚህ በኋላ ወሬው ለሁለት ይከፈላል። አንዳንዶች አያ ድረስ መናገር አቅቶት በአገጩ ወደ ጋኑ አመለከተ፣ እሷም ሳቋ አምልጧት ቀዳችለት ይላሉ። ሌሎች ደግሞ በአገጩ ማመልከቱንስ አመለከተ፣ አንጓች ግን አገጩ ትንሽ ወደ ስንዱ ቤት በኩል ያዘነበለ መስሏት እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ውሃ አጠጣችው ይላሉ። እኔ ሁለቱንም አምናለሁ።

ዛሬም በጋን ደፊ እንዲሁ ነው። ጠጪው «የቤቴን አያህልም» ይላል፣ ባለ ጠላዋ «የቱን ቤት?» ትላለች፣ ሰውየውም በአገጩ ወደ ገዛ ቤቱ ያመለክታል። ከአፋፉ ላይ ሆኖ የእያንዳንዱ ቤት ጭስ ተለይቶ ይታያል፤ አገጭ አንድ ስንዝር ወደ ጎረቤት ከሳተ ወሬው ከባለቤቱ ቀድሞ ቤት ይገባል። የስንዱ ቤት አሁን የልጅ ልጇ ነው፤ ፍንጭቱ አልጠፋም። እኔ ቤት የለኝምና ስትጠይቀኝ ወደ ሰካራሙ ወይራ አመለክታለሁ። «ደግሞ ወይራ ጠላ ይጠምቃል?» እያለች ትቀዳልኛለች። በዙሪያዬ ያሉት ባለትዳሮች ግን አገጫቸውን ወደየጭሳቸው አዙረው፣ ተመርረው እንኳ እያመለከቱ ይጠጣሉ፤ እኔም እነሱን አያለሁ፣ ጭሳቸውን አያለሁ፣ ከዚያም አፉን የደፋውን ስባሪ አያለሁ። ጋን ቢኖረኝ እንደ አንጓች እደፋው ነበር።