ምንጣፍ የለበሰው ጀልባ

ተካበ የሚባል ዲያቆን ከወንድሙ ጋር በእናታቸው ቤት ተጣልቶ ነበር። መምህሩን የኔታ ቀለመወርቅን እንዲህ ሲል ጠየቃቸው፦ «የኔታ፣ ቂሜን ለማንም አልተናገርሁም። ወንድሜን ሳገኘው ስቄ ሰላም እለዋለሁ። በሆዴ ከያዝሁት ማንን ይጎዳል?»

የኔታ እንዲህ ሲሉ ተረኩለት።

አንድ ባለጀልባ ነበረ። ከደሴት ወደ የብስ ሰው ያሻግር ነበር። ጀልባው ከአሉሚኒየም ቅይጥ የተሠራ፣ ሁለት ሰው የሚያነሣው ቀላል ነበር። የሸጠለት ሰው፣ ይህ ብረት አየር ሲያገኝ የራሱን ስስ ቆዳ እንደሚያበጅና ያም ቆዳ እንደሚጠብቀው፣ ጨው ሲተኛበት ግን ቆዳው እንደሚበሳ ነግሮት ነበር። ከየጉዞው በኋላ በጉድጓድ ውኃ እንዲያጥበው፣ ንፋስም እንዲያስመታው አስጠነቀቀው። ሁለት ዓመት እንደተባለው አደረገ።

ኋላ ተሳፋሪ እንዲመቸው ብሎ ወለሉ ላይ ወፍራም ምንጣፍ አጣበቀ። ጀልባው አማረ። ባሕሩ በረጨ ቁጥር ግን ጨዋማው ውኃ ከምንጣፉ ሥር ገብቶ ይተኛል፤ ንፋስ አይደርስበት፣ ንጹሕ ውኃ አያጥበው። ሚስቱ ምንጣፉን አንሥቶ እንዲያይ ብትለምነው፣ ላዩ ደረቅ መሆኑን በእጁ ዳስሶ አሳያትና ተወው።

አንድ ቀን ምጥ የጠናባትን ሴት ከእናቷ ጋር አሳፈረ። ባሕሩ መካከል ሲደርሱ እናቲቱ እግሯ እንደራሰ ነገረችው። ማዕበል ረጭቶ ይሆናል አላት። ውኃው ግን ቁርጭምጭሚቷ ደረሰ። ያን ጊዜ ቢላዋ አውጥቶ ምንጣፉን ቀደደው። ከሥሩ ነጭ ዱቄት ተጋግሮ፣ ብረቱ ተቦርቡሮ ነበር። በጣቱ ቢጫነው ጣቱ አልፎ ባሕሩን ነካ።

«ልጄን ምን ላይ ነው ያስተኛሃት?» አለችው እናቲቱ።

እሷ ነጠላዋን ጠቅልላ ቀዳዳውን ወተፈችውና በተረከዟ ቆመችበት። ሌላ ቀዳዳ ፈነዳ፤ እሱም ሸሚዙን አውልቆ ወተፈው። በአንድ እጁ ሞተሩን ይዞ፣ በሌላው ውኃ እየቀዳ እየደፋ፣ እንደምንም ዳር ደረሱ። ሴትየዋ አሸዋው ላይ ተገላገለች፤ እሷም ሕፃኑም ተረፉ። ጀልባው እዚያው ሰጠመ። ከዚያ ወዲያ እሱ በያዘው ጀልባ የሚሳፈር ሰው ከደሴቱ አልተገኘም።

የኔታ ወደ ተካበ ዞሩ። «ልጄ፣ ቂምህ ያ ጨው ነው፤ ፈገግታህም ምንጣፉ። ለወንድምህ ብትነግረው ንፋስ ያገኘዋል፤ ይታጠባል። ሸፍነኸው ከቆየህ የቆምህበትን ይበላዋል። እናታችሁም ከእናንተ ጋር ተሳፍራለች።»

ተካበ ነገ ማለዳ ወንድሙ ዘንድ እንደሚሄድ ነገራቸው።

«ዛሬ» አሉት የኔታ።